ወሎ ውስጥ ከቤት አከራይ ጋር ስንጋጭ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተከራይቼ ስኖር 11 ዓመት አልፎኛል፣ እስካሁን 6 ቤት ለቅቄያለሁ፣ ከሶስቱ በሰላም ከሁለቱ በሽማግሌ ከአንዱ ደግሞ ወረዳ ፍርድ ቤት ድረስ ሄጄ ነው የወጣሁት። ከዛ ወዲህ መስሪያ ቤት ውስጥ ኪራይ የተጨመረበት ሁሉ ሻይ ይጋብዘኝና ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀኛል፣ ሻዩን ባልጠላውም መልሱን መደጋገም ስለሰለቸኝ እዚህ ላስቀምጠው አልኩ።

አከራዬ በአንዴ ከ3,500 ወደ 6,000 አስገባው፣ እንደፈለገ መጨመር ይችላል እንዴ?

እንደየሁኔታው ነው። 2016 ላይ የወጣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 1320/2016፣ ሁላችሁም ቲክቶክ ላይ የሰማችሁት እሱን ነው። አዋጁ ጭማሪ በዓመት አንዴ ብቻ፣ እሱም መንግስት በሚያሳውቀው መጠን ይሁን ይላል፣ ውል ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፣ ውሉ በጽሁፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ክፍያውም በባንክ ወይ በኤሌክትሮኒክ ነው። ግን ሰው የማያነባት መስመር አለች፦ አዋጁ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው፣ የክልል ከተሞች የሚገቡበት ክልሉ ሲወስን ነው። ስለዚህ "ህጉ እንዲህ ይላል!" ብለህ ግቢው መሀል ቆመህ ከመጮህህ በፊት ከተማ አስተዳደር ሂድና የቤት ጉዳይ የሚመለከተው ክፍል "እኛ ከተማ ላይ ስራ ጀምሯል ወይ" ብለህ ጠይቅ። የግማሽ ቀን ስራ ናት፣ ከዛ በኋላ የምታወራው ነገር ሁሉ ግን መሰረት ይኖረዋል።

ከተማህ አዋጁ ውስጥ ካልገባ የሚገዛህ የ1952ቱ የፍትሐብሔር ህግ ነው፣ እሱ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ውልህን ነው የሚያይልህ። ለ1 ዓመት በ3,500 ከተፈራረምክ ዓመቱ ሳያልቅ ብቻውን ተነስቶ 6,000 ማለት አይችልም፣ ውል ለተዋዋዮቹ ህግ ነው። ጊዜ ሳትወስኑ በወር በወር የምትከፍል ከሆነ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ አስጠንቅቆ ሊያስለቅቅህ ስለሚችል ያለህ ነገር ድርድር ነው። በድርድር ደግሞ ይሰራል፣ እኔ አንዴ "የ6 ወር ኪራይ ሳልዘገይ በ1ኛው ቀን አስገባለሁ፣ አንቱ ደግሞ 4,500 አርጉልኝ" ብዬ ተስማምተናል፣ ሰውየውን ያንገበገበው ብሩ ሳይሆን ከኔ በፊት የነበረው ተከራይ በየወሩ ማመላለሱ ነበር።

ውላችን በቃል ነው፣ አንድም ወረቀት የለኝም፣ አለቀልኝ ማለት ነው?

አላለቀም፣ ግን ዛሬውኑ ጀምር። በቴሌብር ወይ በባንክ የላክህበትን ሁሉ አውጣ፣ ባንክ ሄደህ የሂሳብ መግለጫ በማህተም ይሰጡሃል፣ ከእንግዲህ ስትልክ ደግሞ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ "የጥር ወር 2017 የቤት ኪራይ" ብለህ ጻፍ እንጂ ባዶ አትተወው ወይ "ሰላም" አትበል። በእጅ ካልሆነ አልቀበልም የሚል አከራይ ከሆነ ደብተር ግዛ።

ደብተር ስል ተራ ባለ 50 ገጽ የተማሪ ደብተር ነው የምለው። ቀን፣ ወር፣ ብር፣ የተቀባይ ፊርማ፣ አራት መስመር አስምረህ። ገንዘቡን ስትሰጥ ደብተሩን አብረህ አቅርብ፣ ከወር በኋላ "አስታውሱ እስቲ ፈርሙልኝ" ካልክ የጠረጠርካቸው ይመስላቸዋል ከመጀመሪያው ቀን ከሆነ ግን ልማድ ይሆናል። መፈረም ለማይችሉ አሮጊት የስታምፕ ቀለም ይዘህ ግባ፣ አውራ ጣታቸውን ያሳርፉ። በቃል ያለ ይረሳል በጽሁፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለተከራይ የተባለ ይመስለኛል።

ምስክርም ይሰራል፣ መጀመሪያ ስትገባ አብሮህ የነበረ ጓደኛ፣ ቤቱን ያሳየህ ደላላ፣ የግቢው ሌላ ተከራይ። አዲስ ውል ስትጽፍ ግን ምስክር ከ2 አይነስ፣ ከተቻለ አንዱ ከአከራዩ ወገን ይሁን።

"ልጄ ከሳውዲ ልትመጣ ነው ቤቱን ልቀቅ" አሉኝ። እውነት ይሁን ውሸት በምን አውቃለሁ?

ሃሃ፣ ይሄ የወሎ ጥያቄ ነው። ግማሹ ቤት በአረብ ሀገር ብር የተሰራ ስለሆነ ልጅቷ እውነትም ልትመጣ ትችላለች፣ እኔ አንዴ ውሸት ነው ብዬ ስከራከር በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ መጥታ አፍሬ ሶፋዬን ራሷ አጋዘችኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ልጅቷ መጣች የተባለበት ቤት ውስጥ በ15 ቀኑ በ7,000 ሌላ ሰው ገብቶበት አይቻለሁ።

ምክንያቱን ትተህ ጊዜውን ያዝ። ውልህ ቀን ካለው እስከዛ ቀን ያንተ ነው፣ ልጅም ትምጣ እህት። ቀን ከሌለው ተነጋግረህ በቂ ጊዜ ጠይቅና የተሰጠህን ቀን በወረቀት አስጽፍ። አዋጁ በሚሰራበት ከተማ ከሆንክ ደግሞ ሁለት ዓመቱ ስላለ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ክረምት መሀል፣ ሀምሌ ላይ፣ ደሴ በዛ ጭጋግ እቃ ጭኖ ቤት መፈለግ ምን እንደሚመስል ለአከራይህ በትህትና ንገራቸው፣ ራሳቸውም ያውቁታል፣ ብዙ ሰው "እስከ መስከረም ቆይ" ይላል።

ኪራይ ዘግይቶብኝ "ነገ ውጣ" አለኝ፣ ነገ መውጣት አለብኝ?

የለብህም። በፍትሐብሔር ህጉ አከራይ የዘገየ ተከራይን መጀመሪያ ማስጠንቀቅ አለበት፣ ውሉ የ1 ዓመትና ከዛ በላይ ከሆነ 1 ወር፣ ካልሆነ 15 ቀን ይሰጣል፣ በዛ ውስጥ ካልከፈልክ ነው ውሉ የሚፈርሰው። አንድ ነገር ግን፦ ተናድደህ "እንግዲያው አልከፍልም" እንዳትል። ክርክር ላይ ያለ ተከራይ የሚሸነፈው ባብዛኛው እዚህ ጋ ነው፣ ጣሪያው እያፈሰሰም፣ ውሃ እየተቆረጠም፣ አከራዩ እየሰደበህም ኪራይህን በቀኑ ክፈል። አልቀበልም ካለ በባንክ አስገባለት፣ የሂሳብ ቁጥሩን ከደበቀህ ሁለት ሰው ይዘህ ሄደህ ስጠውና እምቢ ማለቱን ሰዎቹ ይዩ።

ቁልፍ ቀየረብኝ / መብራት ቆረጠብኝ / እቃዬን ውጭ አወጣው። ፖሊስ ጋ ልሂድ?

ፖሊስ ጣቢያ ስትሄድ "ይሄ የፍትሐብሔር ነው፣ ክሰስ" ሊሉህ ይችላሉ፣ ስለ ኪራይና ስለ ውል ከሆነ ልክ ናቸው። ግን አንተ በሌለህበት ቤትህን ከፍቶ ከገባ፣ እቃህን ከወሰደ፣ ከመታህ ያ ወንጀል ነው፣ አካሄድህ ላይ "ኪራይ ተጣላን" ብለህ አትጀምር፣ "ያለፈቃዴ ቤቴ ተከፍቶ ተገብቷል" ብለህ ጀምር። የተከራየኸው ቤት ለህግ ያንተ መኖሪያ ነው፣ ካርታው በማንም ስም ይሁን።

በፍትሐብሔር በኩል ደግሞ ሰው ሁሉ "ሁከት ይወገድልኝ" የሚለው ክስ አለ፣ በእጅህ ያለውን ቤት በጉልበት ሲነጥቁህ ወይ ሲረብሹህ የምታቀርበው ነው፣ የጊዜ ገደቡ 2 ዓመት ነው ግን 2 ዓመት የሚጠብቅ ሰው የለም፣ በሳምንቱ ግባ። ክሱ ላይ ዕግድም አብረህ ጠይቅ፣ ነገሩ እስኪወሰን ቤቱን ለሌላ እንዳያከራይብህ። ጓጉንቸሩን በድንጋይ ሰብረህ አትግባ፣ ያኔ ከሳሹ እሱ ይሆናል። ፎቶ አንሳ፣ ቀኑና ሰዓቱ የሚታይበት።

በጋራ ቆጣሪ ምክንያት በየወሩ እንጨቃጨቃለን፣ መፍትሄው ምንድነው?

እኔ ከየትኛውም የኪራይ ጸብ በላይ ይሄኛው ነው ሰው ሲያጣላ ያየሁት። ሆጤ አካባቢ የኖርኩበት ግቢ 5 ተከራይ በ1 ቆጣሪ ነበርን፣ አከራያችን እትዬ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመው አምፖል ይቆጥሩ ነበር፣ ወላሂ ይቆጥሩ ነበር፣ ጠዋት ስወጣ "ትላንት እስከ 6 ሰዓት አበራህ አይደል" ይሉኛል። በአምፖል 40፣ በቴሌቪዥን 60፣ ለኔ ላፕቶፕ ደግሞ "ያቺ የምትጽፍባት" ተብሎ 50 ብር። ፊት ለፊት ያለችው ልጅ ግን በሳምንት ሁለቴ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ እየጋገረች እንደ አንድ አምፖል ትከፍላለች፣ ምክንያቱም ምጣዱን የምታወጣው እትዬ ቤተክርስቲያን ሲሄዱ ነው።

ሰው የማያውቀው ነገር የመብራት ታሪፍ እርከን አለው፣ ብዙ በተጠቀምክ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ይጨምራል። አምስት ቤት ባንድ ቆጣሪ ላይ ሲከመር ሁላችሁም ከላይኛው እርከን ላይ ትወጣላችሁ፣ ለየብቻ ብትሆኑ የማትከፍሉትን ትከፍላላችሁ። ስለዚህ አከራዩ እየበላችሁ ላይሆን ይችላል፣ ቢሉ ራሱ ነው ያበጠው። መጀመሪያ የወሩን ቢል አሳዩን በሉ፣ ቢል ሳታዩ አትክፈሉ። ቀጥሎ ኤሌክትሪሻን አስጠርታችሁ ለየቤቱ ትንሽ የውስጥ ቆጣሪ አስገቡ፣ እኛ ወጪውን ግማሽ በግማሽ ከእትዬ ጋ ተካፈልን፣ በየወሩ በ30ኛው ቀን የቆጣሪውን ቁጥር በስልክ ፎቶ እናነሳና በቴሌግራም ግሩፕ እንልክ ነበር፣ የመጀመሪያው ወር ላይ የምጣዷ ጉዳይ በግልጽ ወጣ፣ ልጅቷም ሳቀች እትዬም ሳቁ፣ አምፖል ቆጠራው በዛው ቀረ።

ጣሪያው ያፈሳል፣ ማነው የሚያሰራው?

አከራዩ። በር እጀታ፣ የተሰበረ መስታወት፣ የቧንቧ ጎማ የመሳሰለው ትንንሹ ወደ ተከራይ ነው የሚያደላው (ውሉ ሌላ ካላለ)፣ ጣሪያ፣ ግድግዳ፣ በእርጅና የተበላሸ ነገር የባለቤቱ ነው። ከራስህ አውጥተህ ካሰራህ ግን ቀድመህ ተስማማ፣ "ከኪራይ ይቀነስልኛል" የሚለውን በመልዕክትም ቢሆን ያረጋግጥልህ። ደሴ ላይ ጣሪያ የሚታየው ሰኔ ላይ ነው፣ በጥር ቤት ስታይ ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ክብ ካለ ጠይቅ።

ሽማግሌ ይሻላል ፍርድ ቤት?

መጀመሪያ ሽማግሌ፣ እኔ በዚህ አልከራከርም። እኛ ጋ ቅሬ አለ፣ ሌላ ቦታ እድር የምትሉት፣ የቅሬው ዳኛ የሰፈሩን አከራይ ሁሉ በስሙ ያውቃል፣ አከራዩም ነገ ለሬሳ የሚመጣለት ቅሬው ስለሆነ ቃሉን ዝም ብሎ አይጥልም። ገጠሩ አካባቢ ለከባዱ ነገር፣ ለደም ጭምር፣ አበጋር የሚባሉ አስታራቂዎች አሉ፣ ለኪራይ ግን ያን ያህል መሄድ አያስፈልግም።

አንዷን ልንገራችሁ። ሸዋ በር አካባቢ አከራዬ ሀጂ "የታህሳስን አልከፈለም" አሉ፣ እኔ ከፍያለሁ። ሶስት ሽማግሌ ተቀመጡ፣ የቅሬው ዳኛ፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህርና ጎረቤት፣ ቡናው ቀርቧል እጣኑ ይጨሳል፣ ቶናው ላይ ስንደርስ መምህሩ "በል ደብተርህን" አሉኝ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱ፣ መስከረም ፊርማ፣ ጥቅምት ፊርማ፣ ህዳር ፊርማ፣ ታህሳስ ላይ ሲደርሱ ፊርማ የለም፣ የጣት አሻራ ነው ወይን ጠጅ ቀለም። "ይሄ የማን ጣት ነው?" ቤቱ ጸጥ። ከጥግ የሀጂ እናት፣ እድሜያቸው 80 የሚሆን፣ "የኔ ነዋ፣ ሀጂ አዲስ አበባ ሄዶ ሳለ ነው የተቀበልኩት፣ ብሩንማ ከትራሴ ስር ነው ያስቀመጥኩት" አሉ። ተሄደ፣ ብሩ እዛው ነበር። ሀጂ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፣ "አብሽር ልጄ" አሉኝ፣ ጭማሪውም በዛው ተረሳ።

ግን የሽማግሌ ስምምነት ሲያልቅ በዱአ ብቻ አትለያዩ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ቀን፣ የተስማማችሁት ነገር፣ የሁለታችሁም የሽማግሌዎቹም ፊርማ ይኑር። ኋላ ፍርድ ቤት ብትደርሱ ያቺ ወረቀት ትናገራለች። ሽማግሌ ፊትም ቢሆን ረጋ በል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ከአነጋገር ይፈረዳል ነው።

የኪራይ ጉዳይ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይታያል?

አይታይም። ሸሪዓ ፍርድ ቤት ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ውርስ፣ ስጦታ፣ ወቅፍ የመሳሰለውን ነው የሚያየው፣ እሱም ሁለቱም ወገን ሲስማሙ። ኪራይ የመደበኛው ፍርድ ቤት ነው።

ፍርድ ቤት ብሄድ ምን ይጠብቀኛል?

ወረዳ ፍርድ ቤት ነው የምትጀምረው። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ፣ ጎበዞቹ አሉ ግልብጥ የሚያደርጉም አሉ፣ አንተ ግን መጀመሪያ ታሪኩን በራስህ ወረቀት ላይ በቀን ቅደም ተከተል ጽፈህ ስጣቸው እንጂ ቆመህ አታውራላቸው። ክሱ ውስጥ የምትፈልገው በግልጽ ይቀመጥ፦ ስገባ ያስያዝኩት መያዣ 7,000 ብር ይመለስልኝ፣ ወይ ሁከቱ ይወገድልኝ፣ "ፍትህ ይሰጠኝ" ብቻ አይበቃም። የማስረጃ ዝርዝር፣ የምስክር ስምና አድራሻ፣ ኮፒዎች። የዳኝነት ክፍያ አለ፣ በምትጠይቀው ገንዘብ ልክ ነው የሚሰላው፣ አቅም ከሌለህ በደሃ ደንብ፣ ማለትም ክፍያውን ሳትከፍል፣ ለመክሰስ ማመልከት ትችላለህ፣ ከቀበሌህ ማስረጃ ይዘህ። የህግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የህግ ድጋፍ ይሰጣሉ፣ ደሴ ያላችሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ጠይቁ፣ ጠበቃ ከመግዛታችሁ በፊት።

ከዛ መጥሪያ፣ መልስ፣ ቀጠሮ፣ ሌላ ቀጠሮ። የኔው ወራት ወስዷል፣ ዳኛው ደግሞ መጀመሪያ ቀን ላይ "ለምን አትታረቁም" ብሎ ነው የጠየቀን። ለ2,000 ብር ከሆነ ከስራ የቀረህበትን ቀን ቁጠርና ወስን።

መያዣዬን "ቀለም ለማስቀባት" ብሎ አስቀረብኝ

ሰው ሲኖርበት ግድግዳ ይጠቁራል፣ ያ ጉዳት አይደለም፣ በአግባቡ መኖር ያመጣው እርጅና ነው። የሰበርከው በር ካለ ግን ክፈል። ክርክሩ የሚያልቀው የገባህ ቀን በቀረጽከው ቪዲዮ ነው፣ ሊሾው፣ ኮርኒሱ፣ ሽንት ቤቱ፣ ሁሉም፣ 3 ደቂቃ በቂ ነው፣ ያኑ ቀን ለአከራዩ ላክለት።

ቤቱ ተሸጠ፣ አዲሱ ባለቤት ውጡ አለን

ሽያጭ ብቻውን ኪራይህን አያጠፋውም፣ ገብተህ እየኖርክ ከነበረና ውልህ ላይ "ቤቱ ከተሸጠ ውሉ ይፈርሳል" የሚል ከሌለ ውልህን ለአዲሱ ባለቤት ማሳየት ትችላለህ። ለዚህ ነው ውሉን ሳያነቡ መፈረም ጥሩ የማይሆነው፣ ያቺ መስመር ደላላ ባዘጋጀው ፎርም ላይ ተደብቃ ትገኛለች።

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሰራው፣ ለ4 ሆነን ተከራይተን አንዷ ወጣች፣ የሷን ማን ይክፈል?

ውሉ በማን ስም ነው? በአንዷ ስም ከሆነ አከራዩ የሚያውቀው እሷን ብቻ ነው፣ ሙሉውን ከሷ ይጠይቃል። ስለዚህ አራታችሁም ፈርሙ፣ በመሃላችሁም ሌላ ወረቀት ይኑር፣ የምትወጣ ሴት ከወር በፊት ትናገር ወይ ምትክ ታምጣ ብላችሁ። አከራዩ ምትክ አልቀበልም ሊል ስለሚችል ይሄንንም ከመጀመሪያው ጠይቁት። ፈረቃ ስለምትገቡ ደግሞ በር መዝጊያ ሰዓት ላይ ተነጋገሩ፣ ማታ 5 ሰዓት በር ሲንኳኳ ነው ብዙ ጸብ የሚጀምረው።

ልወጣ ነው፣ ኋላ ነገር እንዳይመጣ ምን ላድርግ?

ያጸዳኸውን ቤት አከራዩ ባለበት አብረህ ዙር፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ቁጥሩን አብራችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቁልፎቹን ቆጥረህ አስረክብና "ቤቱን ተረክቤያለሁ፣ የኪራይ ዕዳ የለበትም" የምትል አንድ መስመር ደብተሩ ላይ ያስፈርምህ። ደብተሩን አትጣለው። የኔ ስድስቱም አልጋዬ ስር ናቸው፣ የሀጂ እናት ጣት ያለበትን እንኳን ሚስቴ ጣለው ብላኝ እምቢ ብያለሁ።